የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት

(በአንድ ቀበሌ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



 የመጣሁት ስለ ልጆቻችሁ ላነጋግራችሁ ነው። በተለይም 11ኛ ክፍል ስለገቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። «መምህር፣ ልጄ 11ኛ ገባልኝ። እኔ ግን ፊደል ከቆጠርሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። ታዲያ ስንቅ ከመስደድ በቀር ይህን ልጅ በምን ልርዳው?» አሉኝ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና ነገሩ ገባኝ። አባቴ በውጤት ካርዴ ላይ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነበር። ለእኚያ አባት የመለስኩላቸውን ነው ዛሬ አስፋፍቼ የምነግራችሁ።

ለምን 11ኛ ክፍል እንደምል አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ወላጅ የሚነቃው ልጁ 12ኛ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ይጨነቃል፣ ስለት ይሳላል፣ መጽሐፍ ይገዛል። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚወጣው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የ11ኛውም አለበት። ዘንድሮ ያልገባው ትምህርት ከርሞ ይጠየቃል። ከርሞ ደግሞ የራሱ አዲስ ትምህርት አለ። ልጁ የቱን ይያዝ? መሬቱን ደጋግሞ ሳያርስ በሐምሌ ጤፍ ልዝራ የሚል ሰው ምን እንደሚያገኝ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ፈተናው ምን ዓይነት ነው? ተማሪው ስድስት ትምህርት ይፈተናል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁሉም አለ። አፕቲቲውድ የሚባል የማመዛዘን ችሎታ ፈተናም ለሁሉም አለ። የተፈጥሮ ሳይንስ የሚማረው በዚህ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ሁሉም ተደምሮ ከ100 50 መምጣት አለበት።

ይህ ፈተና ድሮ በየትምህርት ቤቱ አካባቢ ነበር የሚሰጠው። በ2008 ዓ.ም. ግን የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጣ። ፈተናው ተቋርጦ እንደገና ተሰጠ። ከዚያም በኋላ ኩረጃው አልቀረም። ስለዚህ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተወስደው፣ እዚያው አድረው፣ እዚያው በልተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ስልክ ይዞ መግባት የለም። አንዳንዱ ተማሪ ደግሞ አሁን የሚፈተነው በኮምፒዩተር ነው። በዚህ መንገድ የመጣው የመጀመሪያው ውጤት አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። ከ1,000 ተፈታኝ 50 ከመቶ ያገኙት 33 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 32 ሆኑ። የ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች 54፣ የ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች 84 ደረሱ።

ቁጥሩ እያደገ ነው። ነገር ግን ደግማችሁ አስቡት። ከ1,000 ተማሪ 84 አለፉ ማለት 916 አላለፉም ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ልጃችሁ ቢወድቅ ብቻውን እንዳልወደቀ እንድታውቁ ነው። እኛም መምህራን ከጥፋቱ ድርሻ አለን፤ አንክድም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከእናትና ከአባት ፊዚክስ ማስረዳት አይጠበቅም። የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ለልጁ ጊዜ መስጠት ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፣ ውቂያ ነው። ጉልበት ያጥራል። ስለዚህ ልጁ ከተከራየበት ከተማ ይጠራል። «ለሁለት ሳምንት ብቻ ና» ይባላል። እኔ የተማሪ ስም የምጠራበት መዝገብ አለኝ። በየዓመቱ በዚያ ወቅት የገበሬ ልጆች ወንበር ባዶ ይሆናል። በሳምንት አምስት ጊዜ ሒሳብ ካለ፣ ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ አሥር የሒሳብ ትምህርት ያመልጠዋል። ሒሳብ ደግሞ እንደ መሰላል ነው። መሐል ላይ ሁለት ሦስት እርከን ከወለቀ ከዚያ በላይ መውጣት አይቻልም። ልጁ ሲመለስ መምህሩ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። መጠየቅ ያፍራል። ዝም ብሎ ይገለብጣል።

«ታዲያ አዝመራው ይርገፍ?» ትሉኛላችሁ። አይርገፍ! የምትበሉትም፣ ለልጁ የምትሰዱለትም ከዚያው ነው። ግን እኛ ደቦና ወንፈል ያለን ሰዎች ነን። በአንድ ቀበሌ የአራት ተማሪ ወላጆች ተነጋግረው የአጨዳ ወንፈል ገቡ። አንድ ቀን የአንዱን፣ በሌላው ቀን የሌላውን አጨዱ። ልጆቹ የመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። እህሉም አልረገፈም፣ ትምህርቱም አልቀረም። ድካሙ በወላጆቹ ጀርባ ላይ እንደወደቀ አውቃለሁ። ቀላል ነው አልልም።

ልጅቱ ሴት ስትሆን ደግሞ አጨዳው ቢያልቅም ሥራዋ አያልቅም። ወንድምና እኅት አንድ ክፍል ተከራይተው ሲማሩ ብዙ አይቻለሁ። እሱ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። እሷ ውኃ ትቀዳለች፣ ሽሮ ትሠራለች፣ የሱን ልብስ ታጥባለች። ከዚያ ሲመሽ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል፣ ደብተሯን ትከፍታለች። እሱ ሲያልፍና እሷ ስትወድቅ «ድሮም ሴት ልጅ» እንላለን። ይህ ፍርድ ነው? ስንቅ ይዛችሁ ስትሄዱ ወንድየውን ጠርታችሁ «አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እሷ ትሥሩ» በሉት። ሽሮ መሥራት ማንንም አልገደለም።

ሽማግሌ የሚላከውም አብዛኛውን ጊዜ ልጅቱ 11ኛ ክፍል ስትደርስ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርስ? አሥር ዓመት ያስተማራችኋትን ልጅ ሁለት ዓመት ሲቀራት ማቋረጥ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ነገር ካርዱን ማንበብ ነው። እናንተ አሁን ታነባላችሁ። አባቴ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ስንተኛ ወጣህ?» ይለኛል። «ሦስተኛ» ስለው ይደሰታል። አሁንም ሁሉም ወላጅ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደረጃ ግን ያታልላል። አንድም ሰው በማያልፍበት ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣውም አላለፈም። ስለዚህ ደረጃውን ተዉትና በየትምህርቱ ያገኘውን ቁጥር እዩ። ሒሳብ ስንት? እንግሊዝኛ ስንት? ባለፈው መንፈቅ ስንት ነበር? ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ? ይህን ለማየት ቁጥር ማንበብ ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የካርዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፈተናው ቁጥር ይበልጣል። በካርዱ ላይ 85 ያለው ልጅ በአገር አቀፉ ፈተና 35 ሲያመጣ አይቻለሁ። እኛ የቤት ሥራውንም፣ ደብተር መያዙንም፣ ጠባዩንም ቆጥረን ማርክ እንሰጣለን። ፈተናው ይህን አይቆጥርም። ታዲያ ልጁ እውነቱን የሚያውቀው እንዴት ነው? ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች በትምህርት ቤቱም፣ በየሱቁም ይገኛሉ። ከ11ኛ ክፍል ማብቂያ በኋላ ባለው ክረምት፣ ማለዳ ከአረም በፊት ሁለት ሰዓት ይሰጠውና አንዱን ወረቀት ሰዓት ይዞ ይሥራ። መልሱን አይቶ ራሱን ያርም። ያን ቀን የሚያየው ቁጥር ቢያስደነግጠውም መልካም ነው፤ ገና አንድ ዓመት አለው። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ከሆነም መምህሩን ጠይቁለት። የፈተናው ቀን መጀመሪያ የሚነካበት ቀን መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ስም ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ልጅ አሰናክሏል። በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ የተጻፈ ልጅ በ11ኛ ክፍል መዝገብ «ኃይሌ» ይባላል። የአያት ስም ይቀየራል። በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ አንድ ፊደል ይጎድላል። በኋላ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ቆሞ «ይህ አንተ አይደለህም» ይባላል። በ11ኛ ክፍል ከታወቀ ማስተካከል ይቻላል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ነው።

ቀጥሎ ስለ መንገዶቹ እንነጋገር። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር በአገሩ ሌላ አልነበረም። ዛሬ ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ልጁ ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚፈልጋቸውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው የጋራ ትምህርት ይማራል፤ የሙያ ክፍሉን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ እንደ ውጤቱ ነው። ስለዚህ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ገባ» ብላችሁ አስቀድማችሁ አታውጁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሲጨርስም የመውጫ ፈተና አለው።

«ብሩስ?» የሚል ሰው አያለሁ። በመንግሥት ተመድቦ የሚገባ ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት የሚባል ውል ይፈርማል። ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ያም ሆኖ ከቤት የሚወጣ ገንዘብ አለ። የመኪና፣ የልብስ፣ የወረቀት፣ የሳሙና። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ በግ ለዚህ ብሎ ማስቀመጥ ኋላ በሬ ከመሸጥ ያድናል።

50 ሳይሞላ ቀርቶ ለተጠጋው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሚዲያል የሚባል የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ። ተማሪው ለጥቂት ወራት ተምሮ እንደገና ይፈተናል። ካለፈ ከሌሎቹ ጋር ይቀጥላል። መቁረጫው ነጥብ በየዓመቱ ይወጣል። በግል ተመዝግቦ ዳግመኛ መፈተንም አለ።

ሁለተኛው መንገድ የመምህራን፣ የጤናና የእርሻ ኮሌጆች ናቸው። በጎንደርም፣ በደሴም፣ በደብረ ብርሃንም የመምህራን ኮሌጅ አለ። እንደ አላጌ ያሉ የእርሻ ኮሌጆች ብዙ የልማት ሠራተኞችን አስተምረዋል። የሚቀበሉት ሰው ብዛትና የሚጠይቁት ውጤት ከዓመት ዓመት ይለያያል። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡት፤ የመጨረሻውን ቀን ጻፉ።

ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የመኪና ጥገና፣ ግንባታ፣ ልብስ ስፌት። ትምህርቱ በደረጃ በደረጃ የተከፈለ ነው። ሲጨርሱ የብቃት ምዘና ይፈተናሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ሰው ሙያን የወደቀ ልጅ መጣያ ያደርገዋል። ያው ሰው ግን ማረሻው ሲሰበር፣ የውኃ ሞተሩ ሲቆም፣ ባለሙያ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይጓዛል።

ልጁ የትኛውን ይወዳል? የትኛውን ይችላል? ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ቀበሌ የእርሻ ባለሙያ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። የእንስሳት ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። ቡና አፍሉና ጥሯቸው። «የት ተማርህ? ስንት ዓመት ፈጀብህ? ምን ከበደህ? ደመወዙ ይበቃሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ። ለገና ወይም ለጥምቀት ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ የጎረቤት ልጅ ካለም እንደዚሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ስለ ምግቡም፣ ስለ መኝታውም፣ ስለ ጓደኛ ክፋቱም እውነቱን ይነግራችኋል።

አሁን ስለሚያታልሉ ሰዎች አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የማውቃቸው አንድ አባት የልጃቸው ውጤት 50 ሳይሞላ ቀረ። አንድ የግል ኮሌጅ «ግድ የለም፣ እኛ ዲግሪ እናስተምራታለን» አላቸው። የአንድ ዓመት ክፍያ አስቀድመው እንዲከፍሉ ጠየቃቸው። ሰውየው ጥንድ በሬያቸውን ሸጡ። ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ተማረች። በኋላ ሲጣራ ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ አልነበረውም። ገንዘቡም አልተመለሰም። ሰውየው በዚያ ክረምት በሬ ተውሰው አረሱ።

እንግዲህ ይህን ያዙ። በዲግሪ ለመማር የግል ኮሌጅም ቢሆን የመግቢያውን ውጤት ይጠይቃል። ውጤት አያስፈልግም የሚላችሁን ሽሹ። ለዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱም የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። ለየትምህርት ዓይነቱና ለየቦታው ነው። አንድ ኮሌጅ በከተማ ሒሳብ አያያዝ ለማስተማር ፈቃድ ቢኖረው፣ በሌላ ቦታ ነርስ ማስተማር አይችልም። ወረቀቱን አምጡ በሏቸው። በግድግዳ የተሰቀለ ከሆነ ቀርባችሁ አንብቡ። የትምህርቱን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ዓመት ፈልጉ። ያንን ካላገኛችሁ ብራችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ቀና ብላችሁ ስታነቡ አንዳንዱ ይደነግጣል። ይደንግጥ!

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ውጤት የሚወጣበት ቀን ነው።

ውጤት ዛሬ በስልክ ነው የሚታየው። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ጎረቤትም ይመጣል። ቁጥሩ ይታያል፤ ዝም ይባላል። ልጁ ቀስ ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ተማሪዬ በዚያ ቀን እንደወጣ አልተመለሰም። ደላላ አግኝቶት ነበር። ወደ ድንበሩ እየሄደ ሳለ ዘመዶቹ መንገድ ላይ ደርሰው መለሱት። ለምን እንደሄደ ስጠይቀው «አባቴ ምን እንደሚለኝ አላውቅም ነበር» አለኝ። አባቱን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «እኔ ምንም ልለው አላሰብሁም ነበር፤ ዝም ያልሁት አዝኜ ነው» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም።

ስለዚህ አሁን ተነጋገሩ። ልጁ ገና 11ኛ ክፍል ሳለ፣ ማንም ሳይወድቅ፣ ማንም ሳያዝን። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ «50 ብታመጣ እንዲህ እናደርጋለን። ሪሚዲያል ከገባህ እንዲህ። ባይሆን ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ብትገባ የቱን ትወዳለህ?» በሉት። መልሱን እስኪጨርስ ስሙት። ከዚህ ንግግር ልጁ የሚይዘው አንድ ነገር ነው። የፈተናው ቀን ምንም ቢሆን ተመልሶ የሚገባበት ቤት እንዳለው ያውቃል። እንዲህ ያለ ልጅ ጥናቱንም ይሰንፋል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ ያየሁት ፍርሃት የያዘው ልጅ ነው መጽሐፍ ገልጦ ምንም ሳያነብ የሚያድረው።

ብዙ ተናገርሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከዚህ በኋላ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ለመጪው እሑድ እለምናችኋለሁ። የልጃችሁን የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና የዘንድሮውን ካርድ ከሳጥን አውጡና ይዛችሁ ኑ። ጎን ለጎን አስቀምጠን ስሙን ፊደል በፊደል እናንተ ታነባላችሁ፤ እኔ እሰማለሁ። የተሳሳተ ከተገኘ ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኝ።